ያልታረሰው መስመር

ወሬው የደረሰኝ እሑድ ነው። ጋምቤላ፣ ከቅዳሴ ተመልሼ፣ በተከራየኋት ቤት ደጃፍ ከኒሟ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጸበሌን በኩባያ ይዤ ነበር። ታናሽ እህቴ ፀሐይ ከትውልድ አገራችን ከዘመሮ ደወለች፤ በምስል። እኔም እንደ ልማዴ ለመናደድ ተዘጋጅቼ አነሣሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ የእናቴን ፊት በስልክ ያየሁት አፏ በግማሽ እንደ ተከፈተ ደርቆ ነው፤ ድምፅዋ ፊቷን ጥሎት ይሄዳል። "ሰማሽኝ?" "አልሰማሁሽም" ስንባባል ጨዋታው ያልቃል።

የዚያን ዕለት ግን ፊቷ አልደረቀም። ነጠላዋን ስታስተካክል አየኋት። ግንባሯ ላይ ያለችው የንቅሳት መስቀል ሳትቀር ታየችኝ። እናቴም እኔን በደንብ ካየች በኋላ፣

"ከስተሻል" አለችኝ። "እዚያ አገር ምግብ የለም?"

ፀሐይ ከኋላዋ ሆና ሳቀችና ምሥራቹን ነገረችኝ፤ ፋይበር ቤታችን ገብቷል። ቀጭን ጥቁር ሽቦ በጣሪያው ሥር አልፎ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች ነጭ ሳጥን ገብቷል፤ በሳጥኗ ላይም አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። በሌላው ዓለም ከቤት ቤት ሲገባ የኖረ ነገር ነው፤ ብርቅነቱ ለእኛ ነው። መስመሩ በየት እንደ መጣ ልታሳየኝ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። "ከዋናው ነው የቀጠሉት፤ በእኛና በእነ ጋሽ ደምሴ ማሳ ካለፈው" አለችና ስልኩን አዞረችው።

ማሳው ታየኝ። በገብሱ መሀል አንድ በሬ ቢተኛባት የምትሞላ የሣር መስመር ትሄዳለች። ከመሀሏ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘመመች የሲሚንቶ ምሰሶ ቆማለች።

ያቺን ምሰሶ ያዘመምኳት እኔ ነኝ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዘመሮ አሁን አድጋ ደጃችን መጣች እንጂ ያኔ ለገበያ ስንሄድ ጎህ ሳይቀድ ነበር የምንነሣው። አባቴ በመርሐቤቴ በኩል፣ ዓለም ከተማ፣ መንገድ ሥራ ላይ ስለ ነበር ቤቱን የያዙት አያቴ መምሬ ተክሌ ናቸው፤ የደብራችን ቄስ። እርሻውም ቅዳሴውም በእሳቸው ትከሻ ነበር። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት መልስ አህያዋን እየነዳሁ ከግጦሹ ኩበት ለቅሞ ማምጣት ነው። እንጨት ብርቅ በሆነበት አገር ኩበት ያላስገባ ቤት እሳት የለውም።

ጥቅምት ላይ የኬብል ጉድጓድ መቆፈር ተጀመረ። አለቃው ከሌላ አገር የመጣ ቢሆንም ቆፋሪዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። የአገራችንን መሬት የረገጠ ያውቀዋል፤ ጥቂት አፈር፣ ከዚያ በታች ድንጋይ። ማለዳ ውርጩ መሬቱን አስሮት ዶማው ሲያርፍበት እንደ ብረት ይጮኽ ነበር። ባናቸውን ተከናንበው ይጀምራሉ። ፀሐይዋ ስትበረታ የበግ ጠጉሩ ባና ሁሉ ከጉድጓዱ ዳር ተጥሎ፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚታየው ወደ ላይ ብቅ የሚል ዶማ ብቻ ነው። ጤዛ የጠጣ የባና ሽታ አሁንም የትም ቢመጣብኝ ያንን ጉድጓድ ያሳየኛል። እስከ ሰው ደረት ድረስ ነው የቆፈሩት፤ ያንን ሁሉ አገር ያለ አንድ ማሽን፣ በዶማና በዲጂኖ ሰነጠቁት። ዛሬ እናቴ ግድግዳ ላይ ብልጭ የምትለው መብራት ከዚያ ክንድ የመጣች ናት። ይህን ሳልናገር ባልፍ ይጸጽተኛል።

ከዚያ ብርቱካንማ ቱቦ በትልልቅ ጥቅል መጣ። እኛ ልጆቹ ቧንቧ ሊገባልን ነው ብለን ደስ አለን። አንድ ሠራተኛ ግን በውስጡ የሚሄደው ውሃ ሳይሆን ብርሃን ነው፣ ከፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ ያልፋል አለን። ከሣሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በቱቦው ጫፍ ወደ ውስጥ አየሁ። ጨለማ ነው። ለአባባ ሄጄ ሰውዬው እንደ ዋሸን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ ገና አልተለኮሰ ይሆናል፤ ጧፍም እስኪለኮስ ድረስ ክር ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ኩበት ስለቅም እግረ መንገዴን አጮልቅ ነበር። አፈሩን መልሰው እስኪደፍኑት ድረስ አንድም ቀን አልበራም። እኔም ተቀይሜ ተውኩት። በማሳው ያለፈው ጉድጓድ ፋናው ጠፋ፤ ሰዉም ረሳው።

ጥር ላይ መሬት ለኪዎች መጡ። ገመድ እየጎተቱ የየገበሬውን ይዞታ ይለኩና በደብተር ይጽፋሉ፤ የሰው ሁሉ ልብ ያኔ የተሰቀለው በድንበር ላይ ነበር። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው አንድ የጭነት መኪና መጥቶ የማናውቃቸው ሰዎች የሲሚንቶ ምሰሶዎች ያወረዱት። እየተቻኮሉ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ፣ ራቅ ራቅ አድርገው ተከሏቸውና በዕለቱ ሄዱ። አንዷ ከእኛ ማሳ ውስጥ ቆመች፤ ከድንበራችን አሥር እርምጃ ያህል ወደ እኛ ገብታ።

አባባ ግዕዙን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ የፈረንጁን ቁጥር ግን አልለመዱትም። ጠሩኝና ምን እንደሚል እይልኝ አሉኝ። ከላይ የተጻፉትን የእንግሊዝኛ ፊደሎች ዘለልኳቸው፤ አላውቃቸውማ። ቁጥሩን ግን ተማሪ መሆኔ እንዲታወቅ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

"ቁጥር ካለው የደብተሩ ነው" አሉ አባባ፣ ቀስ ብለው። "ወሰን ነው።"

ያ ሁሉ ነገር የተነሣው እንግዲህ ከእኔ ንባብ ነው።

ከምሰሶዋ ወዲያ የቀረው አሥር እርምጃ መሬት ከጎረቤታችን ከጋሽ ደምሴ ማሳ ጋር የሚዋሰን ነው። በዚያች ድንበር አባባና ጋሽ ደምሴ እኔ ሳልወለድ ተካስሰዋል። የተጣሉባት መሬት ለአንድ ትልም አትበቃም ይባላል፤ ሃያ ዓመት ግን ዝም አሰኝታቸዋለች። የሚያስቀድሱት በአንድ ደብር ነው። አባባ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቆመው መስቀል ሲያሳልሙ ጋሽ ደምሴ ከሰልፉ ወጥተው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረው፣ በወዲያ በኩል ሌላውን ቄስ ይሳለማሉ። ዝናብ ቢወርድም ይዞራሉ። እኔ ልጅ ስለ ነበርኩ የእሳቸው ብቻ የሆነ ስእለት ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ለብርታታቸው አደንቃቸው ነበር።

የበልግ እርሻ ሲደርስ አባባ በሬዎቹን ጠምደው ሲያርሱ ምሰሶዋ ዘንድ ሲደርሱ መለሱ። እንደገና መጡ፤ እንደገና መለሱ። ያ አሥር እርምጃ የማሳው እምብርት ነው። ፍግ ስንደፋበት የኖርነው እዚያ ነው፤ የዘር ገብሳችን የሚወጣውም ከዚያ ነው። እናቴ አጥሩ ዘንድ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ ለከርሞ ምን ልንዘራ ነው ብላ ጠየቀቻቸው። አባባ ከፋሲካ በኋላ ወረዳ ሄደው እንደሚያመለክቱ ነገሯት። እስከ ፋሲካ ድረስ የመዝሪያው ጊዜ እንደሚያልፍ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

የወሰን ምልክት የነቀለ የተረገመ ነው ብለው በየዓመቱ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ትክክል አይደለም ያሉትን ምልክት እንኳ አልነኩትም።

ሰው ግን አፍ አለው። ወፍጮ ቤት አንድ ሰውዬ፣ "መምሬ መሬታቸውን በጸሎት ሊያስመልሱ ነው" ብሎ ሲያስቅ ሰማሁ። ትምህርት ቤትም ልጆቹ፣ ደምሴ የአያትሽን መሬት በላው ይሉኝ ጀመር። ጋሽ ደምሴም ያንን መሬት አላረሱትም። ሰፈሩ ተንኮል ነው አለ፤ መምሬ ተስፋ እስኪቆርጡ እየጠበቁ ነው ተባለ። እኔም አመንኩ። ያቺ ጠፍ መሬት ሣር ማብቀል ስትጀምር ሣሩ ሁሉ በአባባ ላይ የሚስቅ መሰለኝ።

በዐቢይ ጾም፣ በአንድ ረቡዕ፣ ትልልቁ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ነበር። የጾም ቅዳሴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይወጣም። እኔ አህያዋን፣ ዶማና የጓሳ ሣር ገመድ ይዤ ማሳው ወረድኩ። ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር መሬቱ ርሷል፤ ምሰሶዋም በጥድፊያ የተተከለች ናት። ዙሪያዋን ቆፈርኩ። ገመዱን አንገቷ ላይ አስሬ ሌላውን ጫፍ ከአህያዋ ኮርቻ ጋር አገናኘሁና አህያዋን መታሁ። መጀመሪያ እምቢ አለች። ሁለተኛ ስመታት ምሰሶዋ ተነቅላ ወደቀች። አሥር እርምጃ አስጎተትኳት። ከጥንቱ ድንበር ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ በስንት ትግል፣ በትከሻዬ ገፍቼ አቆምኳት። አዘመመች። ይሁን አልኩ። እጄ ቆስሎ፣ ቀሚሴ ጭቃ ሆኖ፣ በሕይወቴ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም።

አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ በማሳው በኩል መጡ። ነጭ ጥምጥማቸው ከሩቅ ሲታየኝ ሊመርቁኝ ነው ብዬ ሮጥኩ። እሳቸው ግን ከባዶው ጉድጓድ አጠገብ ቆመው የአህያዋን ኮቴና የእኔን ጫማ ፋና ይመለከቱ ነበር።

"እመቤት፣ ይህን ማን ነቀለው?"

ዓይኔን ወደ አህያዋ መለስኩ።

"አህያዋ ናት?"

"አዎ" አልኩ። ጨርሶ ውሸት አልነበረም።

የከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። ማንም እንዳላየኝ፣ ጋሽ ደምሴም ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበሩ በፍጥነት ነገርኳቸው።

"ደምሴ ባያይ እኔ አየሁ" አሉኝ። "ነገ መቅደስ የምገባው ምን ዓይነት እጅ ይዤ ነው?"

ካባቸውን አውልቀው በአጥሩ ላይ ሰቀሉና ምሰሶዋን አብረን ወደ ነበረችበት መለስናት። እሳቸውም ሞከሩ፤ ጉድጓዱ በእኔ ዶማ ስለ ተበላሸ ቀጥ ብላ ልትቆም አልቻለችም። በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባባ ግን ወደ ካቡ ሄደው ድንጋይ ይመርጡ ጀመር። አንዱን አነሡና ቀለለባቸው መሰለኝ መልሰው ጣሉት። ሌላውን፣ ትልቁን፣ በጉልበታቸው ደግፈው አንሥተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑት። በእኛ አገር የበደለ ሰው ወደ በደለው ሰው ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ቄስ ሲሸከም ግን አይቼ አላውቅም።

"ተከተዪኝ" አሉኝ።

ሰዉ ገና ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። ቀን ነው፤ የተሸሸገ ነገር የለም። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆሙ። ያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከመንገድ ወጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ የአንገታቸው ሥር ሲገተር፣ ላቡ ከጥምጥማቸው ሥር ሲወርድ አያለሁ። ሊያስሩን ነው፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሊከለከሉ ነው፣ ያውም በእኔ ጦስ እያልኩ አለቅስ ነበር። ያን መንገድ ዛሬ ሳስበው ግን አላለቅስም። የዚያ ሰው ልጅ ነኝ እላለሁ።

ከእነ ጋሽ ደምሴ ደጅ ስንደርስ መጀመሪያ ያየችን ሚስታቸው እትዬ አስካለ ናት። ባሏን ልትጠራ ተመልሳ ገባች። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው በጉበኑ ሥር ወጡና ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ደምሴ" አሉ አባባ፣ እንደ ተሸከሙ። ከሃያ ዓመት በኋላ ስማቸውን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። "ይህች ልጅ ድንበር ነቅላለች። ልጄ ናትና እኔ ነቀልኩ ማለት ነው። መልሰን ተክለነዋል። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለን።"

"ድንጋዩን ያውርዱት፣ መምሬ።"

"ይቅር ሳትል አላወርድም።"

"መጀመሪያ እኔ የምናገረው አለኝ።"

"ተናገር። ግን አሳጥረው፤ ከባድ ነው።"

እትዬ አስካለ ከውስጥ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። የታችኛዋን ምሰሶ አይተዋት ያውቁ እንደሆነ አባባን ጠየቁ። ከጉብታው በታች፣ ከእኛ ቤት በኩል የማትታይ ሌላ ምሰሶ ነበረች፤ መስመሩ ድንበሩን በሰያፍ ስለሚያቋርጥ እዚያ ላይ የገባችው ወደ እሳቸው ማሳ ነው። ለካስ ጋሽ ደምሴ፣ መሬቴ ተቆርጦ ለመምሬ ተሰጠ ብለው በበኩላቸው ሲቃጠሉ ከርመዋል።

"ባለፈው ሳምንት ዲጂኖ ይዤ ወርጄ ነበር" አሉ። "ልነቅላት። ምሰሶዋን ያዝኩና ፈራሁ።"

"ማንን ፈራህ?"

"እርስዎን ነዋ! ወሰን የነቀለ የተረገመ ነው ሲሉ ሃያ ዓመት የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው። መስቀልዎን ሸሸሁ እንጂ ስብከትዎን መች ሸሸሁ?"

ጋሽ ደምሴ ቀረብ ብለው በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከአያቴ ማጅራት አወረዱትና ከበራቸው አጠገብ አስቀመጡት። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። አባባ ትንፋሻቸው ሲመለስ ከብብታቸው የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። ጋሽ ደምሴ ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙ፤ የትም ሳይዞሩ። ያኔ ነው ያ ስእለት እንዳልነበረ የገባኝ። እትዬ አስካለ በሶ በጥብጣ አመጣች፤ አባባም እዚያው፣ የተሸከሙት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠጡ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንዲት ሱሪ የለበሰች፣ ራሷ ላይ ቢጫ ቆብ የደፋች የኬብል ባለሙያ ምሰሶዎቹን እየዞረች ስታይ ያዘመመችውን አየችና ባለማሳዎቹን አስጠራች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ቆመው ወሰኑን በሰላም እንደ ተቀበሉት ነገሯት። ባለሙያዋ ግራ ተጋባች። የምን ወሰን ነው የምትሉት አለቻቸው። ይህ ከታች ኬብል እንዳለ ለማሳወቅ የቆመ ምልክት ነው፤ መሬቱ የእናንተው ነው፣ በጥልቁ አትቆፍሩ እንጂ ማረስ ትችላላችሁ ብላ አስረዳቻቸው። ማን እንዳዘመማት ስትሰማም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ዶማሽ ሌላ ክንድ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የስንት አገር ስልክ ይዘጋ ነበር አለችኝ።

ሁለቱ ምሰሶዋን አዩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

"መምሬ" አሉ ጋሽ ደምሴ በመጨረሻ፣ "ታዲያ እኛ የታረቅነው በምንድን ነው?"

"ዝም በል" አሉ አባባ። "እንዳትመልሰው።"

ከዚያ ወዲያ ያንን አሥር እርምጃ እንደገና አረሱት። ኬብሉ የሚያልፍባትን ጠባብ መስመር ግን፣ ተፈቅዶላቸውም፣ ሁለቱም አልነኳትም። ሣሯን አንድ ዓመት እኛ፣ አንድ ዓመት እነሱ እንዲያጭዱ ተስማሙ። በዚያ ክረምት የዘራነው የዘር ገብስም ከጋሽ ደምሴ ጎተራ የወጣ ነው። ባለፉት ዓመታት ኬብሉ እዚህም እዚያም በማረሻና በቁፋሮ ተቆርጧል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በእኛ ማሳ በኩል ግን አንድም ቀን አልተቆረጠም። ፀሐይ እንደ ነገረችኝ፣ የአሁኖቹ ሠራተኞች ለእናቴ ቤት ሲቀጥሉ ያገኙት መጀመሪያ እንደ ተቀበረ ነው። ይህን ሣር ማን ጠበቀው ብለው ጠይቀዋታል። እሷ ያኔ አልተወለደችም፤ አላውቅም አለቻቸው። መልሱ ይኸው ነው።

አባባና ጋሽ ደምሴ አሁን በአንድ አጸድ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርልን። እኔ ደግሞ በልጅነቴ በሆዴ ተኝቼ የጠበቅኩት ብርሃን ስንት ዓመት ዘግይቶ፣ የእናቴን ፊት ይዞ ከወዲህኛው ጫፍ ወጣልኝ። ከስተሻል ብሎም ተቆጣኝ።

እንግዲህ ያን ረቡዕ ከቅዳሴ ስትመለሱ መንገድ ዳር የቆማችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያ ድንጋይ ዛሬም ከእነ ጋሽ ደምሴ በር አጠገብ ነው ይሉኛል። በእኔ ዓይን የተቀመጠው ጥጃ አክሎ ነው። ፀሐይ ግን ከአንድ ድፎ ዳቦ አይበልጥም ብላ ትስቅብኛለች። ትክክለኛውን እናንተ ታውቃላችሁ። ከእናንተ አንዱ ይሂድና ለእትዬ አስካለ ሰላምታዬን አድርሶ፣ እሷን ከድንጋዩ አጠገብ አቁሞ ፎቶ ያንሣልኝ፤ ልኩ እንዲታየኝ። ትንሽ ሆኖ ከተገኘም አትደብቁኝ። ክብደቱን እኔ አይቻለሁ፤ የቀረኝ ልኩ ነው። በትልቁ አንሡትና ላኩልኝ፤ መስመሩ ይችለዋል።